ፊቱን ለጭላሎ የሰጠ ቤት

የብርድ ልብስ ፋብሪካው ሲዘጋ ሰፈሩ በሙሉ ሐዘን ተቀመጠ። ደስ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ደስታዬንም እንደ ሰረቅሁት ዕቃ ደበቅሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ ከእናቴ ጎን ቆሜ የበግ ጠጉር ስለቅምና ስፈትል ነው ያደግሁት። ሥራው ሲቀር ትምህርት ቤት ገባሁ። ለአቅመ ሔዋን ደርሼ፣ ከወገቤ በማያልፉ ልጆች መካከል ተቀመጥኩ። ልጆቹ "እትዬ" ይሉኝ ነበር፤ እኔም እትዬነቴን ተቀብዬ ፊደሌን ቆጠርኩ።

የምንኖረው በፋብሪካው ግቢ፣ ለሠራተኛ በተሠራው መደዳ ቤት፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። ከተዘጋም በኋላ ውጡ ያለን አልነበረም። ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ግን ማዘጋጃ ቤቱ ግቢውን ዘመናዊ ሰፈር ሊያደርገው ተነሣ። የጭስ ማውጫው ፈረሰ። የሽመናው አዳራሽ ለሱቅ ተከፋፈለ። ቀያሾች መጥተው ጠጉር እናሰጣበት በነበረው ሜዳ ላይ ችካል ተከሉ፣ ገመድ ወጠሩ። የሰፈሩ ሴቶች በማግስቱ ተወጥሮ የተዘጋጀ ገመድ ሲያገኙ ያጠቡትን ሁሉ ሰቀሉበት።

"ይሄ እኮ ዋናው መንገድ ነው!" ብሎ ጮኸ ቀያሹ፣ በጋቢና በቀሚስ መሐል ቆሞ።

"መኪናው እስኪመጣ ይድረቅበታ!" አለችው እናቴ።

ሳቁ የቆየው ስብሰባ እስኪጠራ ነው። ከአዲስ አበባ የተመደበ ወጣት መሐንዲስ በባዶው አዳራሽ ቆሞ ነገሩን አስረዳን። መደዳ ቤቶቹ ይፈርሳሉ። ለቀድሞ ሠራተኞች በዕጣ ቦታ ይሰጣል። ነገር ግን ከክረምቱ በፊት የቆርቆሮ ክዳን ያለው ቤት መቆም አለበት፤ በሩም ወደ መንገዱ መሆን አለበት። ይህን ያላሟላ ቦታው ለሌላ ይሰጥበታል።

ቦታውን ካጣን መሄጃችን አንድ ነው፤ ሁሩታ አጠገብ ያለው የአጎቴ ቤት። አጎቴ ደግሞ ሐሳቡን አስቀድሞ ነግሮናል። "ትምጣና ላም ትለብልኝ። ከሕፃን ጋር ሀ ሁ ማለቱ ይበቃታል" ብሎ ነበር። እዚያ ከሄድኩ ትምህርቴ እንዳበቃለት አውቅ ነበር።

ዕጣችን ወጣ። መንገዱ በምሥራቅ፣ በጭላሎ ተራራ በኩል ነው። እናቴ ቦታው ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

"እዚህ በኩል በር ከፍቼ እሳት አላነድም" አለች። "ከጭላሎ የሚወርደው ነፋስ አመዱን አልጋዬ ላይ ነው የሚበትነው። ደግሞስ የምበላውን ለጋሪ ነጂ ሁሉ ላሳይ?"

"አዮ" አልኳት፤ እናቴን የምጠራት እንዲህ ነበር፤ "ሰውየው በሩ ወደ መንገድ ይሁን ብሏል እኮ።"

"ሰውየው እዚህ ሊያድር ነው?"

እኔ የደብተሬ ኅዳግ ከተንጋደደ ገጹን ሁሉ እንደ አዲስ የምገለብጥ ሰው ነኝ። ደንብ ከተባለ ደንብ ነው። ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፣ አኮረፍኩ። እናቴ ሄዳ፣ ከፈረሰው የፋብሪካው ቢሮ አረንጓዴ በር ገዝታ በጋሪ ጭና መጣች።

"ለእነሱም በር፣ ለእኔም በር" አለች።

አረንጓዴው በር ፊቱን ለመንገዱና ለጭላሎ ሰጥቶ ተገጠመ። በጓሮ በኩል ደግሞ ዝቅ ያለች፣ ጎንበስ ተብሎ የሚገባባት በር ወጣች። ከአረንጓዴው በር ጀርባ አልጋችንን ገጥመን ዘረጋን። አብራት ትፈትል የነበረች ጎረቤታችን መጥታ ዙሪያውን አየችና፣

"አንቺ! ቤትሽ ከተማውን አኩርፎ ጀርባውን ሰጠ እንዴ?" አለቻት።

"ፊቱንማ ሰጠሁት። ሆዱን ነው የከለከልኩት።"

ክረምቱ ሊገባ ሲል መሐንዲሱ ቤት ለቤት እየዞረ ያይ ጀመር። የትምህርት ፈረቃዬ ከሰዓት በኋላ ስለነበር እቤት ነበርኩ። አረንጓዴው በር ተንኳኳ።

"እማማ፣ ይክፈቱ!"

"ኮቱ፣ ና ልጄ፣ በጓሮ ዙር!" አለች እናቴ፤ ስትደነግጥ ኦሮምኛው ይቀድማታል።

"በሩ እዚህ አይደለም እንዴ?"

"እሱ የማዘጋጃ ቤቱ ነው! የኔ በጓሮ ነው!"

በጓሮ ወጥቼ ዞርኩ። መሐንዲሱ ሸሚዙ እንደ ፊኛ ተነፍቶ፣ ኮፍያውን በአንድ እጁ ተጭኖ፣ በሩ ላይ ተለጥፏል።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው?" አለኝ።

"ዛሬ እንኳ ለዘብ ብሏል" አልኩት። እውነቴን ነበር።

ጎንበስ ብሎ በጓሮው በር ገባ። እናቴ እሳቱ አጠገብ በርጩማ አቀረበችለት፣ ወተት ቀዳችለት። እሱ ግን ዓይኑ አልጋው ላይ ነው።

"እማማ፣ ይሄ በር ይከፈታል? የማይከፈት ከሆነ እኮ ግድግዳ ነው። በር ብዬ ላሳልፍልዎ አልችልም።"

ሁሩታ ታየችኝ። ላሟ ሳትቀር ታየችኝ።

"አልጋው ሲነሣ ይከፈታል" አለች እናቴ።

"እስቲ ይነሣ።"

አልጋውን በሁለት በኩል ይዘን አነሣን። እናቴ ሁለት እጇን አሳርፋ በሩን ወደ ውስጥ ሳበችው። ነፋሱ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ባለ ቤት ዘው ብሎ ገባ፤ አመዱን ከምድጃው አፍሶ በመሐንዲሱ ሸሚዝ፣ በቅንድቡ፣ በወተቱ ላይ ነሰነሰው።

"ዝጉት! ዝጉት በአላህ!" አለ፤ ክርስቲያን መሆኑን እንኳ ረስቶት።

ሦስታችንም ተጋግዘን ዘጋነው። መሐንዲሱ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቀ ነበር።

"በር አለ" አለ በመጨረሻ። "ይከፈታልም። መቼ መቼ ይከፈት የሚል ግን ፕላኑ ላይ የለም።" ወተቱን እንደ ነገሩ እፍ ብሎ ጠጣና፣ "ቦታው የእርስዎ ነው፣ እማማ" አላት።

"አልሐምዱሊላህ" አለች እናቴ፤ ድምፅዋ ከወትሮው ቀጭን ነበር። ያኔ ነው እሷም ስትፈራ እንደ ከረመች የገባኝ።

እሱ ከወጣ በኋላ አልጋውን መለስንና እኔ እዚያው ላይ ተቀመጥኩ።

"ምን ያስቀምጥሻል?" አለችኝ እናቴ። "ተነሺ እንጂ፣ ደወሉ ያመልጥሻል።"

አምልጦኝ ነበር። ስደርስ መምህሩ ሒሳቡን ሰሌዳው ላይ ጽፈው ጨርሰዋል። ከፀጉሬ አመዱን አራግፌ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ ኅዳጉን አሰመርኩና መገልበጥ ጀመርኩ።