ቦርከና በተፈራበት ግንቦት

ጣሊያን ደሴ ከገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ ከአማቼ ጋር ኮምቦልቻ ለቅሶ ደርሰን እየተመለስን ነበር። እኔ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር የተዳርኩ አዲስ ሙሽራ ነኝ። ባሌን ሥራ ስለያዘው አባቱን ተከትዬ የወረድኩት እኔ ነበርኩ።

ማለዳ ልንነሳ አስበን ነበር፤ ኬላው ላይ ግን የጣሊያን ወታደሮች መንገደኛውን ሁሉ እየፈተሹ አቆዩን። ስንለቀቅ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። ንፋስ የሚባል የለም። በገበያተኛ የሚጨናነቀው መንገድ ጭር ብሏል፤ የሚሰማው ከበታቻችን ድንጋዩን እየመታ የሚወርደው ቦርከና ብቻ ነው።

ዳገቱን እንደጀመርን ልጅ ያዘለች ሴት ከላይ ስትወርድ አገኘን። የልጁ ከንፈር ተሰነጣጥቋል። አማቼ ምንም ሳይጠይቁ የውሃ ቅላችንን አውርደው ሰጧት። ልጁን አጠጣች፣ እሷም ጠጣች፤ ስትመልስልን ከሥሩ ጥቂት ጉንጭ ቀርቶ ነበር።

«ወንዙ እዚህ እያለ እንዴት እንዲህ ተጠማችሁ?» አልኳት።

ግራ ቀኝ አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አልሰማሽም? ጫካ የገቡት አርበኞች እንዳይጠጡት ጣሊያን መርዝ ረጭቶበታል ይላሉ። ከብት አልቋል፤ ሰውም አንጀቱ እየተቃጠለ ሞቷል። ወላሂ፣ እጃችሁን እንኳ እንዳትነክሩበት!»

እሷ ወረደች፤ እኛ ወጣን። ወደ ወንዙ ባየሁ ቁጥር እውነትም አንድ ልብስ አጣቢ፣ አንድ ጥጃ እንኳ አይታይም።

የቀረችን ውሃ ወዲያው አለቀች። አማቼ መጀመሪያ ላባቸው በግንባራቸው ይንቆረቆር ነበር፤ በኋላ ቆመ። ፊታቸው ላይ የቀረው ነጭ የጨው ቅርፊት ነው። ባታቸው ተኮማተረና ድንጋይ ተደግፈው ተቀመጡ።

«አባባ፣ ትንሽ ይበርቱ፣ ጥላው ድረስ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ፤ በሟች ሚስታቸው ስም ጠሩኝ። «በጎቹን አስገባሻቸው?» አሉኝ።

ቅሉን ይዤ ገደሉን ወረድኩ። ውሃው የጠራ ነው፤ ጥራቱ ራሱ አስፈራኝ። በእፍኜ ቀድቼ ጠጣሁና አንጀቴ እስኪቃጠል ጠበቅሁ። ምንም አልተሰማኝም። እስከ መቼ ልጠብቅ? ቅሉን ሞልቼ ሮጥኩ።

አማቼ በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ወዲያው ሁሉንም አስመለሳቸው። በገዛ እጄ የገደልኳቸው መሰለኝ።

ከመንገዱ ከፍ ብሎ ጭስ የሚወጣበት ጎጆ አየሁ። በሩ ላይ ማተብ ያሰረች ጎልማሳ ሴት ቆማለች።

«እናቴ፣ አማቼ ሊሞቱብኝ ነው! ፀሐይ መታቸው። ውሃ ብሰጣቸው አስመለሳቸው።»

«የምን ውሃ?»

ዞር ብዬ ወደ ወንዙ አየሁ። ወደ ኋላ አፈገፈገች። በሩን ልትዘጋብኝ ነው ስል፣ አፉ በተሸረፈ ሸክላ አሬራ ይዛ ወጣች። ከአሞሌው በቢላ ፍቃ ጨመረችበት፤ ደጃፏ ላይ አስቀምጣ ራቅ አለች።

«ባዶ ውሃ አይበጃቸውም፤ ጨዋቸው በላባቸው ወጥቷል። በአንዴ እንዳታንቆረቁሪባቸው፤ ጉንጭ በጉንጭ ስጫቸው። ሸክላውን ግን መርዙ እንዳይተርፈኝ እንዳትመልሺልኝ፤ እዚያው ስበሪው።»

ነጠላዬን በሁለት ቁጥቋጦ ላይ ዘርግቼ አስጠለልኳቸው። አንድ ጉንጭ አጠጣለሁ፣ ትንፋሻቸውን አዳምጣለሁ፣ ደግሞ አንድ ጉንጭ። የመጀመሪያው አልወጣም። ሁለተኛውም ሆዳቸው ውስጥ ቀረ። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ግንባራቸው በላብ ወዛ፤ ያኔ አለቀስኩ። ሸክላውንም እንደታዘዝኩት ሰበርኩት።

ሲቀዘቅዝ ተነሥተን ቀስ እያልን መውጣት ጀመርን።

«ውሃውን ከየት አመጣሽው?» አሉኝ።

«ከቦርከና።»

«አንቺስ ጠጣሽው?»

«ቀድሜዎት።»

«ያ አላህ!» አሉና እጄን ያዙ። ደሴ እስክንገባ አልለቀቁኝም።

ለባሌ ፀሐይ እንደመታቸው ብቻ ነገሩት። እሳቸው በሦስተኛው ቀን ከአልጋ ተነሡ። እኔ ግን እጄ ላይ ሽፍታ ባየሁ፣ ሆዴን በቆረጠኝ ቁጥር መርዙ መጣ እያልኩ ሰነበትኩ። ምንም ሳልሆን ክረምት ገባ። ወሬው እውነት ይሁን ውሸት ያረጋገጠልኝ ሰው የለም። ሰኔ መጨረሻ ላይ አማቼ ያንኑ መንገድ ሊወርዱ ሲነሡ ሁለት ቅል ውሃ ሞላሁላቸው፤ እስኪመለሱ ድረስም እህል አልቀመስኩም።