በሟች ፊርማ

ጎንደር ፒያሳ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ የነጋዴ የግብር ማስታወቂያ፣ የወር ሽያጩን የሚያሳውቅበትን ቅጽ፣ እየሞላሁ በኢንተርኔት ለገቢዎች ቢሮ እልክ ነበር። ነገሩ ለጎንደር ገና አዲስ ነው። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ሌላ ሰው ያዘጋጀውን ማስታወቂያ ባለቤቱ አንብቦ ይፈርማል፣ ከዚያ ይላካል፣ የተፈረመበት ወረቀት አዘጋጁ ዘንድ ይቀመጣል። እስቲ ይህን ለጎንደር ነጋዴ ንገሩት! አመንሁህ ያለውን ሰው ወረቀት ማንበብ እንደ ስድብ ነው የሚቆጠረው።

ከደንበኞቼ አንዱ ጨርቅ የሚሸጡ ሐጂ ነበሩ። መጀመሪያ ቀን «ያንብቡት እንጂ ሐጂ» ብላቸው ተቆጡ።

«ምነው ልጄ፣ ሌባ ነሽ እንዴ?»

ብዕሬን ተቀብለው አንድ ክምር ባዶ ወረቀት ግርጌ ግርጌው ላይ ፈረሙልኝ። «ከእንግዲህ አታመላልሽኝ፣ ጉልበቴ አይችልም» አሉ። በየወሩ ከፊርማቸው በላይ ማስታወቂያውን እያተምሁ መላክ ሆነ ሥራዬ። ታመንሁ ብዬ ጮቤ ረገጥሁ፣ እኔ ጅሏ!

ሐጂ ድንገት አረፉ። ልጅ የላቸውም፤ ሚስታቸው ከዚያ ሱቅ ሌላ መተዳደሪያ አልነበራቸውም። ሞቱን ለቢሮው አስታውቆ፣ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ወረቀት አውጥቶ፣ የንግድ ፈቃዱን በስማቸው ማዞር ነበረባቸው። ግን ዒዳ ላይ ናቸው፤ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት አትወጣም። ልጠይቃቸው ስሄድ «የሱቁን ነገር አደራ» አሉኝ። ሱቁን አንድ ተቀጣሪ ይዞታል፤ እኔም ዘንድ ከክምሩ የተረፈ ወረቀት ነበረኝ። ዒዳቸውን እስኪጨርሱ ብዬ በሟች ፊርማ መላኬን ቀጠልሁ። አዝኜ ነው ያደረግሁት፣ ወላሂ። ማዘን ምን ያደርጋል?

ዒዳቸው ሲያልቅ ፈቃዱን ለማዞር አብረን ቢሮ ሄድን። ሠራተኛው ለማጣራት የተፈረሙትን ወረቀቶች አምጪ ብሎ ከእኔ ተቀበለና ከሞት ምስክር ወረቀቱ አጠገብ ዘረጋቸው። ቀኑን አየ፣ ደግሞ አየ።

«ሰውየው ከሞቱ በኋላ ነው እንዴ የፈረሙት? ማነው የፈረመው?»

እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ ማለት ምን ያህል ይከብዳል? ሦስት ቃል ነበር። የሐጂ ሚስት ዞር ብለው አዩኝ፤ ፊቴ ላይ ሁሉንም አነበቡት መሰለኝ።

«እኔ ነኝ የፈረምሁት» አሉ።

እሳቸው እኮ ብዕር ጨብጠው አያውቁም፣ ያን ቀን እንኳ ማመልከቻቸው ላይ በጣታቸው ነው የፈረሙት። ሠራተኛው ግን የነገሩትን ጻፈ። እኔም ሲጽፍ ቆሜ አየሁ።

ደረጃውን ስንወርድ ክንዳቸውን ልይዝ ብል ሸሹኝ። «አንቺ ገና ወጣት ነሽ፣ እንጀራሽ አይቆረጥ» ብቻ ነው ያሉኝ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ፈረሷ እኔ ነበርሁ።

ሱቁ በዚያው ሳምንት ታሸገ። እኔ በማግስቱ ክፍሌን ከፍቼ ደንበኛ ተቀበልሁ።