የእታለም ቀኝ እጅ

የሰው ፍሪጅ ሲከፈት የሚወጣው ሽታ፣ የተቆረጠ ሎሚ፣ አይብና የቀዘቀዘ ፕላስቲክ ድብልቅ፣ ሁልጊዜ ወዳደግሁባት ከተማ ወደ ሐይቅ ይመልሰኛል፤ የሚገርመው ያኔ ቤታችን ፍሪጅ የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። ዛሬም እዚህ ጅዳ የማዳሜን ፍሪጅ ባዶ አድርጌ መደርደሪያውን ስወለውል የእታለም ፎቶ ፊቴ ላይ ድቅን አለ፣ ንዴቱም አብሮት መጣ።

እታለም የምላት ታላቅ እህቴን ዘይነብን ነው። ልጆች ሆነን ልብስ ለማጠብ ስንወርድ፣ ከአምባሰል ተራሮች ላይ ደመናው ሳይነሳ ሐይቁ ዳር እንደርስና፣ እኔ ብርድ ፈሪ ስለነበርኩ ቀሚሷን ሰብስባ ቀድማ ውሃው ውስጥ የምትገባው እሷ ነበረች። «ይሞቃል፣ ነይ» ካለች ይሞቃል፤ «ቆይ፣ ፀሐይ ትውጣ» ካለች የልብሱ ክምር ላይ ተቀምጬ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ እጠብቃለሁ። አንድም ቀን አታልላኝ አታውቅም። የሌላው ሰው ወላሂ ለእኔ የእሷን «ይሞቃል» አያህልም ነበር።

ዓረብ አገር በሄደች በዓመቷ ፎቶ ላከች። ከእሷ የሚረዝም ፍሪጅ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ እሷ ግራ እጇን በሩ ላይ ጣል አድርጋ፣ ቀኟን ከጀርባዋ ደብቃ ቆማለች። የፎቶው ጀርባ ላይ «ለእህቴ፦ አብሽሪ፣ ውሃው ይሞቃል» ብላ ጽፋልኛለች። ፖሙን፣ ጭማቂውን፣ ቀያዮቹን ጣሳዎች ከላይ እስከ ታች በቃሌ ይዤ ለክፍል ጓደኞቼ እዘረዝር ነበር። እናታችን ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አስጠግታ «ማሻአላህ! ግን ይሄ ሁሉ እያላት ምነው እንዲህ ከሳች?» ስትል፣ ጎረቤታችን እትዬ ብርሃኔ «በሩን ከፍታ ስለቆመች በርዷት ነው» አሉና ሁላችንም አመንን። ያ ወደኋላ የተደበቀ እጅማ የሰፈሩ ፋሽን ሆነ፤ ለበዓል ፎቶ ቤት የሄደች ልጃገረድ ሁሉ አንድ እጇን ከጀርባዋ ትሸሽግ ጀመር፣ ፎቶ አንሺውም ለምዶት ሳንጠይቀው «ቀኝ እጅ ወደኋላ!» ይለን ነበር።

ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩት አንደኛ ወጥቼ ነው። አስተማሪ የመሆን ምኞቴ የታወቀ ነበር፤ የግቢያችንን ዶሮዎች እንኳ ስም እየጠራሁ አቤት እስኪሉኝ እጠብቅ ነበር። ደብተሮቼን ለእትዬ ብርሃኔ ልጅ አውርሼ ሄድኩ፤ ይሞቃል ተብያለሁና።

ከእታለም ጋር የተገናኘነው ጅዳ ከገባሁ ከመንፈቅ በኋላ ነው። ፍሪጁ የማዳሟ ነበር። ፎቶውን የተነሳችው ስታጸዳው ነው፤ ከጀርባዋ የደበቀችው መወልወያ ጨርቁን ነው። የምትተኛውም እዚያው ፍሪጁ ሥር፣ የወጥ ቤቱ ወለል ላይ ነበር። ለምን እንደዋሸችኝ ስጠይቃት ዓይኔን ሳታይ «ብቻዬን ሆኜ ነበር» አለችኝ። ያን ቀን አቅፌያት አለቀስኩ፤ የተናደድኩት በኋላ ነው። እሷ ብዙም ሳትቆይ አገሯ ገባች፣ አግብታ ወለደች፤ እኔ እዚሁ ከቀረሁ ይኸው ሃያ ዓመቴ።

ጨርቁን እንደያዝኩ ስልኬ ጠራ። አሥረኛ ክፍል የምትማረው የእታለም ልጅ ሐያት ናት፣ በቪዲዮ። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ያ ፎቶ በፍሬም ተሰቅሏል።

«አክስቴ፣ ፓስፖርቴ ወጣ! እማ እዚያ ጥሩ ነው ብላኛለች።»

ስልኩን መደርደሪያው ላይ አቁሜ፣ ወለል ብሎ በተከፈተው ፍሪጅ ፊት ቆምኩና ቀኝ እጄን ከጀርባዬ አውጥቼ ጨርቁን አሳየኋት። «ሐያትዬ፣ ይችን እይ። የእናትሽም ቀኝ እጅ የያዘው ይችኑ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ እንዳትመጪ። ተማሪ።»

ልጅቷ ዞራ ፎቶውን አየች፣ ከዚያም እናቷን። እታለም ከስክሪኑ ጥግ ብቅ አለች፤ ዛሬም ዓይኔን አላየችም።

«ቀልዷን ነው» አለች ሳቅ ብላ። «አክስትሽ ድሮም ብርድ ፈሪ ናት።»

ስልኩ ተዘጋ። ስለ ትምህርቴ ቢሆን ይቅር እላት ነበር። ውሃው ውስጥ ቀድማ ገብታ እውነቱን የምትነግረኝን እህቴን ግን ያጣኋት ዛሬ ነው።