ሱዓድ የረሳችው በግ

ሱዓድ እንድሪስን ከሚሴ ውስጥ የማያውቃት የለም። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸውና ገና ልጅ ሳለች ሞቱ። ከዚያ በኋላ እናቷ ወይዘሮ ሳቢራ ለንግድ ባቲ በወረዱ ቁጥር ልጅቱ የምታድረው ግድግዳ ከሚጋሯቸው ከጋሽ ኪዳኔና ከእትዬ አመልማል ቤት ነበር። ክርስቲያኖች ናቸው። ሥጋ በበሉ ቀን ለእሷ ለብቻዋ እንቁላል ይጠብሱላታል፤ አንድም ቀን አልረሱም።

አዲስ አበባ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ አብሮ መኖር የሚያስተምር የወጣቶች ማኅበር መሠረተች። በቴሌቪዥንም ቀረበች። ዘንድሮ ተመርቃ ሜዳሊያ አጥልቃ ስትመለስ፣ የሰፈሩን ባለሱቅ እኔን ጨምሮ ሰፈሩ በሙሉ ለድግስ ተጠራ። እናቷ ዓይናቸውን ሊታከሙ ደሴ ሰንብተው ዋዜማውን ነው የደረሱት፤ ዝግጅቱን የያዘችው እሷና የማኅበሩ ጓደኞቿ ነበሩ። ድንኳኑ፣ ባነሩ፣ ድምፅ ማጉያው፣ ሁሉም አለ። እናቷም የምትረሳው ነገር ይኖራል ብለው አልጠየቁም።

በሬው ታርዶ ምግብ ከቀረበ በኋላ ሱዓድ ማይክሮፎን ያዘች።

«እኛ አገር ሙስሊም ሲደግስ ለክርስቲያን ጎረቤቱ በግ ከነነፍሱ ይሰጣል፤ እሱም እንደ ሃይማኖቱ ባርኮ ያርዳል። ከዚህ በላይ ምን መከባበር አለ?»

ተጨበጨበ። እሷ ግን ዓይኗ ጋሽ ኪዳኔና እትዬ አመልማል ላይ አርፎ ቃል አጠራት። ከፊታቸው ሁለት ጠርሙስ ሚሪንዳ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም።

«የነጋሽ ኪዳኔ በግ የታለ ታዲያ?» አለ ጎረቤታችን ሙህዲን። «እሱም ተመርቆ ሄደ እንዴ?»

ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ።

«እኛ ጾም ላይ ነን!» አሉ እትዬ አመልማል ፈጠን ብለው።

ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ ሐምሌ አጋማሽ። ጾም አለመሆኑን ሙስሊሙም ያውቃል። ሳቁ ቆመ። ወይዘሮ ሳቢራ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

«ጾም አይደለም!» አለች ሱዓድ በማይክሮፎኑ እያለቀሰች። «ረሳኋቸው! ያሳደጉኝን ሰዎች ረሳኋቸው!»

ሰው ሁሉ ወደ ሁለቱ ዞረ። ድግሱን ሲቀርጽ የነበረው የማኅበሩ ጓደኛዋ ኸይረዲን እንኳ ስልኩን ወደ እነሱ አዞረ። ጋሽ ኪዳኔ አንገታቸውን ደፉ፤ ዱዓው እንዳበቃ ሚስታቸውን ይዘው ወጡ።

አመሻሽ ላይ ሱዓድ ደጃቸው ቆመች።

«ማጉያውን የት ጣልሽው?» አሉ ጋሽ ኪዳኔ።

«ጋሼ፣ ይቅር በሉኝ።»

«መርሳቱስ የሰው ነው። ያን ሁሉ ዓይን ስታመጪብን ግን መግቢያ አጣሁ። ዝም ብለሽ አጠገባችን መጥተሽ ብትቀመጪ ምን ነበረበት?»

«ተዋት አንተ ደግሞ! ልጅ አይደለች?» አሉ እትዬ አመልማል ከውስጥ።

ሱዓድ ወደ ጋሽ ኪዳኔ ጠጋ አለች። «ሰንበቴ ከተማ ገበያ አብረን እንሂድ፤ በጉን እርስዎ ይምረጡ» አለች።

ጋሽ ኪዳኔ አገጫቸውን አሻሹ። «እኔ እመርጣለሁ። አንቺ ገመዱን ትይዢያለሽ።»

በገበያው ቀን ከመኪና ወርደው አስፋልቱን ይዘው ሲመጡ ሱቄ በር ላይ ቆሜ ነበር። እሳቸው ከፊት ናቸው። ሱዓድ አልሄድ ያለ ሙክት እየጎተተች ከኋላ ትከተላለች። «የቴሌቪዥኗ ልጅ!» እያለ የሚጠራት አልጠፋም። ቀና አላለችም። ገመዱንም ለማንም አልሰጠችም፤ እኔም በልቤ አልሐምዱሊላህ አልኩ።