የይታያል የዋንዛ አሳ

ይታያል አርፎ መቀመጥ አልፈጠረበትም። አናጢ ነው፤ ግን የሞጣ ሰው በር ሲያሠራው በሩን ሰቅሎ ሳይጨርስ ልቡ ዓባይ ወርዷል። ሌላው በትል አሳ ያጠምዳል፤ እሱ "እንጨት ጠርቤ፣ እንጨቱን አስዋኝቼ አሳውን አታልለዋለሁ" አለ። አይ ይታያል!

ሚስቱ ባንቺዓለም በቃኝ አለች። ወንድሟ ቀለሙ ቢቸና ትልቅ የእንጨት ሥራ ቤት አለው፤ "ኑ፣ ደመወዝተኛ ላድርገው" ብሎ ደውሏል። ይታያል ግን ከዓባይ ርቆ መኖርን ማሰብም አይፈልግም።

"እሺ፣" አለችው። "በዚህ በእንጨትህ አንዲት አሳ ይዘህ ካበላኸኝ ሞጣ እንቀራለን። ካልሆነ የዛሬ ሁለት ሳምንት ሰኞ ዕቃ እንጭናለን።"

ከዚያ ወዲያ ምን እንቅልፍ አለ! ከዋንዛ ጣት የምታህል አሳ ጠረበ፤ ከአፏ ሥር ውሃው እየገፋ እንዲያወዛውዛት ከዘይት ቆርቆሮ የቆረጠውን ምላስ ሻጠላት፤ ከሆዷ ሥር መንጠቆ አንጠለጠለ፤ እንዳትገለበጥ ሆዷን ቦርቡሮ የቀለጠ እርሳስ ሞላባት። በርሜል ውስጥ ሲጎትታት ጭራዋን እያወዛወዘች ሄደች። ባንቺዓለም "የምንጠጣውን ውሃ!" ብላ ጮኸች፤ ማን ሰምቷት።

ዓባይ ላይ ግን ጉድ ፈላ። ወራጁ ውሃ ገና ሲነካት በጎኗ ተኛች፣ ተሽከረከረች፣ ክሩን አጠማዘዘችው። ለካ የበርሜል ውሃ የቆመ ነው! ምላሷ ለወራጅ ውሃ ሰፍቶባታል። ፀሐይዋ ደግሞ አትጠብቅም። መንጠቆው እጁን እየቦጨረው የምላሷን ዙሪያ በመቀስ ከረከመ፤ ክሩ የሚታሰርበትን ሽቦም ትንሽ ወደ ግራ ገፋ አደረገው። ወረወራት። ቀጥ ብላ፣ ወገቧን እያወዛወዘች መጣች። አንጀቱ ራሰ። ወዲያው ክሩ ተወጠረና ክንድ የሚያህል አሳ ጎትቶ አወጣ።

ቤቱ ሲደርስ ትንፋሹ አልተመለሰም። "ብዪ እንግዲህ!"

ባንቺዓለም አሳውን አየች፣ እሱን አየች። "አንተ ሰው፣ ጤና የለህም? ሁዳዴ እኮ ነው!"

እነሱ ቤት በሁዳዴ አሳ አይቀመስም። የሚቸኩል ሰው ጾም መግባቱን እንኳ ይረሳል! ፋሲካ ገና ነው፤ ሰኞ ግን ደርሷል።

ባንቺዓለም የተቦጫጨረ እጁን አየች። ከዚያ ቢላዋ አነሳች፤ አሳውን ዘልዝላ ጨው ነሰነሰችበት፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ገመድ ወጠረች።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ቋንጣ ነዋ። በፋሲካ እበላዋለሁ።"

"ሰኞስ?"

"ሳልበላ የት እሄዳለሁ? ቃሌን ሰጥቼህ የለ! ለቀለሙ ደውልና አንመጣም በለው።"

ይታያል ዓይኑ እንባ አቀረረ። እሷ ግን የመጨረሻዋን ዝልዝል ሰቅላ ገመዱን ቀና ብላ አየችው።

"ምን ታፈጣለህ? ይሄ ሁሉ ገመድ በአንድ አሳ ይሞላል?"