ከእናታችን ቀሚሶች የተሰፋው ብርድ ልብስ

ጨርቅ ከእኔ ጋር እልህ ሲጋባ ደስ ይለኛል፤ ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው እሱ ነው። ሆሳዕና ከተማ፣ ቤቴ መስኮት ስር ባለችው የስፌት መኪናዬ ያልሰፋሁት የለም። ታናሽ እህቴ አግብታ ዱራሜ ከተማ ልትገባ ስትል ግን የጠየቀችኝ ነገር አስፈራኝ። ካረፈች ዓመት ባልሞላት እናታችን ቀሚሶች ብርድ ልብስ እንድሠራላት ፈለገች። "ሰርጌ ላይ የለችም፤ ቤቴ ውስጥ እንኳ ትኑርልኝ" አለችኝ። እነዚያን ቀሚሶች ካበላሸሁ ደግሞ ጃጁራ ገበያ ሄጄ የምተካቸው አይደሉም።

ቁራጮቹን ገጣጥሜ፣ ጥጡን መሐል አድርጌ ከገበሩ ጋር ወለል ላይ ስዘረጋ የሰፈር ሴቶች ሊያግዙኝ መጡ። እኛ ዘንድ እገዛ ማለት መጎተት ነው። ሰነፍ ላለመባል ሁሉም ጫፍ ጫፉን ይዘው ገበሩን እንደ ቆዳ ወጠሩት፤ እኔም እንደተወጠረ ወሰወስኩት። ሲለቁት ገበሩ ወደ ልኩ ተመለሰ፣ ላዩ በሙሉ ተሸበሸበ። አክስቴ "ግድ የለም፣ ሲለበስ ይስተካከላል" አለች። ሲለበስ የተስተካከለ ሽብሽብ እስካሁን አላየሁም።

ሁሉንም ተረተርኩት። ለሴቶቹ ሻይ ሰጥቼ አስቀመጥኳቸው፤ እጅ ማስገባት ቀረ። ገበሩን በመዳፌ ብቻ እየዳበስኩ አስተኛሁት፤ አልላላም፣ አልተወጠረምም። መርፌ ቁልፉን ከመሐል ወደ ዳር ሰካሁ፣ ስፌቱንም ከመሐል ጀመርኩ። ክብደቱ ቁልቁል እንዳይጎትተው ግራና ቀኙን ጠቅልዬ ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩት። ሳልገፋ፣ ሳልጎትት፣ መኪናዋ ራሷ እንድትወስደው ተውኳት። ጸጥ ብሎ ተኛልኝ።

አንድ ቁራጭ ብቻ እምቢ አለ። እናታችን ቤት ውስጥ የምታዘወትረው፣ የሚለጠጥ ጨርቅ ቀሚስ ነበር፤ ሁለት ቦታ አብጧል። ትርፉን አጥፌ ልሰፋው ስል እህቴ እጄን ያዘችኝ።

"ተዪው። የምትንበረከክበት ነው።"

እናታችን ጎህ ሳይቀድ ስንቱን ጸሎት የጸለየችበት ነው፤ እብጠቶቹ የጉልበቶቿ ነበሩ። አለቀስኩ። ዙሪያውን ሰፍቼ እብጠቱን እንዳለ ተውኩት።

ከሰርጉ በኋላ ዱራሜ እህቴ ቤት እያለሁ፣ አማቷ ብርድ ልብሱን በእጃቸው ዳሰሱት። "ጥሩ እጅ ነው። እዚህ ጋ ግን ትንሽ ተሸብሽቧል" አሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሙያዬን የነካ መልስ ሳያገኝ አይሄድም። እህቴ ቀደመችኝ።

"እናቴ ተንበርክካ ስትጸልይልኝ ያበጠ ነው" አለቻቸው።

አማቷ እጃቸውን ከዚያ ሳያነሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ።