ለአንድ ቀን የተነቀለ ሚሞሪ

ትናንት የልጄ ላፕቶፕ ጀርባው ተከፍቶ ሳይ የሞቀ አቧራ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ልጄ ታወራኛለች፤ እኔ ግን ሪያድ ነበርኩ፣ ባጥሐ ሰፈር፣ ከዓመታት በፊት በአንድ ሐሙስ ከሰዓት።

ያኔ ወጣቶች ነበርን። አንድ ክፍል የምንጋራው ጓደኛዬ ዑለያ በሚባለው ሰፈር ቢሮ ያጸዳ ነበር። አለቃው አሮጌ ላፕቶፕ ሰጠውና ደስታውን አልቻለውም። ችግሩ ቪዲዮም ሆነ ፌስቡክ ሲከፍቱበት ድርቅ ይላል፤ ሚሞሪ ይጨመርበት ተባለ። ጓደኛዬ ስልኩ ከተሰበረ ወዲህ በቁልፍ ስልክ ስለሚጠቀም የእናቱን ፊት ካየ ቆይቷል።

እናቱ ደግሞ ረቡዕ ተቀብራለች። እኔ አውቃለሁ፤ እሱ አያውቅም። ታላቅ ወንድሙ ለእኔ ደውሎ "አደራ፣ ሰው ሰብስባችሁ በወጉ ንገሩት" አለኝ። የሰፈራችን ሽማግሌዎችም ዓርብ ማለዳ፣ ሁሉም ከሥራ በሚያርፍበት ቀን፣ ሊያረዱት ተስማሙ። ላፕቶፑ ሐሙስ ከተስተካከለ ግን ዘመድ ፌስቡክ ላይ የለጠፈውን የእናቱን ፎቶ ከነሻማው ብቻውን ያየዋል። ፈራሁ። ሰበብ ባበዛም "ያላ፣ ተነስ" ብሎ ይዞኝ ሄደ።

አውቶቡስ ውስጥ ሳቅ በሳቅ ሆነ። "እናቴ እኮ በቪዲዮ ስደውልላት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ትለጥፈዋለች። የማየው ጆሮዋን ብቻ ነው። አሁን ደግሞ በትልቁ ላየው ነው!" እኔም ሳቅሁ።

ጥገና ቤቱ ጠባብ ነው፤ የአየር ማቀዝቀዣው ያቃስታል። ሠሪው ያገራችን ልጅ ነበር። ሚሞሪውን ቀጭ አድርጎ ሲከተው ማሽኑ ወዲያው ቦግ አለ። ጓደኛዬ "ሻይ በእኔ ነው" ብሎ ወጣ። ያኔ ጎንበስ ብዬ "ወንድሜ፣ እናቱ አርፋለች። መርዶው ነገ ማለዳ ነው፤ ዛሬ አትስጠው" አልኩት።

ሠሪው ማሽኑን አጥፍቶ ሚሞሪውን ነቀለው። ቤታችን የት እንደሆነ ብቻ ጠየቀኝ። ጓደኛዬ ሻዩን ይዞ ሲመለስ "አልገጠመም ወንድሜ። ነገ ሌላ አመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ" አለው።

"ኸላስ፣ ይሁን፣ አንድ ቀን ምን አላት" አለ ጓደኛዬ። ሻዩን እየሳቀ አደለን።

በማግስቱ ማለዳ ክፍላችን በሰው ሞላ። ሽማግሌው ገና "ተቀመጥ ልጄ" ሲሉት ገባው። ጩኸቱን አልናገረውም። ሠሪውም መጥቶ በር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ የማያውቃትን ሴት ከእኛ እኩል አለቀሰላት።

ለቅሶው በረድ ሲል ጓደኛዬ "ሐሙስ ታውቅ ነበር?" አለኝ። አዎ አልኩት። "እሷ አፈር ውስጥ ሆና እኔ በጆሮዋ ስስቅ አብረኸኝ ሳቅህ" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዛሬም ቢሆን ያንኑ ነው የማደርገው፤ ሰው ብቻውን መርዶ አይሰማም። ጓደኛዬ ብዙም ሳይቆይ ወደ አገሩ ገባ። ያን ነገር ዳግመኛ አንስቶብኝ አያውቅም። በየበዓሉ ይደውልልኛል፣ በድምፅ ብቻ። እኔ በቪዲዮ ስደውልለት አያነሳውም።